የኤልመር ሦስተኛ ነጥብ

ኤልመር ስታዶልስኪ ቅዳሜ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ንግግር ሊያደርግ ቀጠሮ ይዞ ነበር። በሦስት ሰዓት ሞቶ ተገኘ። በሮክሳን ፔትራኪስ የኮሚክ ሥዕላዊ መጻሕፍት መሸጫ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ፣ አንገቱ ተቀጭቶ ተዘርሯል። በቀኝ እጁ «የወንዙ ዘብ ወዳጆች ማኅበር» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የጨርቅ ሰንደቅ ጫፍ እንደ ጨበጠ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ስድሳ ስድስት ዓመቱ፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ማኅበሩ ነው።

መርማሪ ሎሬታ ኮቫልቺክ ስትደርስ የፒትስበርግ የመጋቢት ዝናብ እየወረደ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሲጋራ ልትተው ለእህቷ ቃል ገብታለች፤ ዛሬ አስራ ሰባተኛ ቀኗ ነው። ከዚያ ወዲህ እጇ አርፎ አያውቅም። እስክሪብቶ ትነክሳለች፣ ቁልፍ ታሽከረክራለች፣ የሰው ዕቃ እያነሣች ታስቀምጣለች። ባልደረቦቿ «ምናለ አጭሰሽ ብትገላግይን!» እስከ ማለት ደርሰዋል።

«እርስዎ ነዎት ያገኙት?» አለቻት ሮክሳንን። ሮክሳን ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። በለቅሶና በቁጣ መሐል ሆና ቆማለች።

«እኔ ነኝ። ለስብሰባው ወንበር ላወጣ መጣሁ። የምድር ቤቱን በር ከፍቼ፣ መብራት አብርቼ፣ አንድ ደረጃ ስወርድ...» አፏን በመዳፏ ያዘች።

«መብራቱ ጠፍቶ ነበር?»

«ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር እንጂ!»

ሎሬታ እስክሪብቶዋን ከአፏ አወጣች። ማብሪያና ማጥፊያው ያለው ላይኛው በር ጎን ብቻ ነው። ከበላዩ በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ይህን መብራት አታጥፉ። ደረጃው ክፉ ነው።»

«ይሄን የለጠፉት እርስዎ?»

«አዎ። አምና አንዱ እግሩን ወለም ካለው ወዲህ ሌት ተቀን ይበራል። ማንም አይነካውም።»

የአስከሬን ሐኪሙ ኤልመር የሞተው ዓርብ ከቀትር በኋላ ከአስር እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን፣ ሕይወቱም ወዲያው ማለፉን ተናገረ። ሱቁ ዓርብ በአስር ሰዓት ተዘግቷል፤ ኤልመር ግን የጀርባው በር ቁልፍ አለው። ሎሬታ ደረጃውን ወርዳ ወጣች፤ እንደገና ወርዳ ወጣች። ሰንደቁ ምድር ቤት ነው የሚቀመጠው። ሰውዬው ሰንደቁን ይዞ ወደ ላይ እየወጣ ነበር ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ተመልሶ መብራት አያጠፋም።

«መርማሪ...» አለች ሮክሳን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ነውር እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ኪሱ ውስጥ የጻፈው ነገር አልተገኘም? ስለ ፊልሙ?»

«የምን ፊልም?»

ሮክሳን ለቅሶዋን አቁማ አፈጠጠችባት። «የምን ፊልም ትላለች እንዴ! የወንዙ ዘብ ነዋ! እንደ አዲስ የተሠራው! ሐሙስ ዕለት ገና ሳይወጣ ለጥቂት ሰው ሲያሳዩ ከዚህ ከተማ ወዳጆች ዕጣ የደረሰው ለኤልመር ብቻ ነው። ስልክ ተቀብለው፣ ትንፍሽ እንዳትሉ ብለው አስፈርመው አስገቧቸው። እኛ ግን ቤተሰብ ነን፤ ቅዳሜ እነግራችኋለሁ አለን። ከሐሙስ ወዲህ ስልክም አላነሣ። እኔማ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር...» ተመልሳ ማልቀስ ጀመረች።

በሮክሳን አትፍረዱባት። የወንዙ ዘብ እኛ ከተማ ውስጥ ተረት አይደለም፤ የሰፈር ልጅ ነው። ብረት ማቅለጫ ሲሠራ ወንዝ ገብቶ ሰጥሞ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የተነሣ ልዕለ ጀግና። አይበርም፣ አይቀልድም፣ ግራጫ ካፖርቱን ለብሶ ድልድይ ላይ ይቆማል። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ፊልም ሠሩለትና ጉድ አደረጉት፤ ጡንቻ የተቀረጸበት ጎማ አለበሱት፣ በየደቂቃው አስቀለዱት፣ ጭራሽ ፈረስ ላይ አወጡት። እኔም ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ አይቻለሁ። ኤልመርማ ያን ፊልም እርም ብሎ ሁለተኛ አላየውም። እና አሁን «ይቅርታ፣ ከሥሩ ጀምረን እንሥራው» ሲሉ ሰው ልቡ ተሰቀለ። ማመን ያምረዋል፣ ማመን ይፈራል።

የሟቹ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትንሽ ካርድ ተገኝታለች። ሎሬታ አንብባታለች። ሦስት ነጥብ ነው ያለባት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለጊዜው ለራሷ ያዘቻቸው። ሦስተኛው ነጥብ «ኦቲስ» የሚል ስም ብቻ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ባዶ ነው።

«ምንም አልተገኘም» አለቻት ሮክሳንን። «ዓርብ ከአስር ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ። የጾም ዓርብ አይደለ? የተጠበሰ ዓሣ ለሁለት መቶ ሰው ሳድል ነበር።»

«ሳይወጡ?»

«ድንች አልቆ ሃያ ደቂቃ ወጥቻለሁ። ምነው? እኔን...? ኧረ በፈጠረሽ! ኤልመር እኮ ወንድሜ ነው!»

የማኅበሩ አባል ትሬቨር ሃዝሌት በኢንተርኔት ቪዲዮ ያሠራጫል። ሥራው መጠራጠር ነው። ፊልሙ ገና ሳይሠራ ጀምሮ «ያበላሹታል» ሲል ሁለት ዓመት ሞላው። አንድ ፖስተር ወጥቶ ካፖርቱ ጥቁር ሆኖ የታየ ዕለት ስድስት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ጮኋል። በዚያው ቅዳሜ ሎሬታ ቤቱ ስትገባ በመብራትና በሽቦ መሐል ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ጥፍሩን በልቶ ጨርሷል።

«ሰማሁ። ሮክሳን ደወለችልኝ። ማመን አልቻልኩም።» ወደ ሎሬታ ጠጋ አለ። «ስለ ፊልሙ የተናገረው ነገር አለ? ጥሩ ነው አለ?»

«ለጓደኛህ ሞት ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ! አውቃለሁ... ግን አለ እንዴ?»

ሎሬታ ከጠረጴዛው ላይ የጎማ ልብስ የለበሰ ትንሽ አሻንጉሊት አንሥታ ማገላበጥ ጀመረች። «ጥሩ ነው ቢል ኖሮ አንተ ምን ትሆን ነበር?»

«መሳቂያ!» አለ ትሬቨር። «የኤልመርን ቃል ሁሉም ያምናል። እሱ ጥሩ ነው ካለ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፈለፍኩት ገደል ገባ። ግን መርማሪ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ጥሩ ነው እንዲል እጸልይ ነበር። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ነው የወንዙን ዘብ የማነበው። እንደ በፊቱ እንዳላፍር ብዬ እኮ ነው ቀድሜ የምሳደበው።»

«ዓርብ ከአስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት?»

«እዚሁ። ቀጥታ ሥርጭት ላይ። ሦስት ሺህ ሰው እያየኝ።»

«ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ተቋርጦ ነበር ይላሉ።»

ትሬቨር ቀላ። «ኢንተርኔት ሄዶብኝ ነው» አለ፤ ውሸት መሆኑን አሻንጉሊቱ እንኳ ሳያውቅበት አልቀረም።

ሎሬታ ካርዱ ላይ ያለውን ስም ይዛ እሑድ ከቀትር በፊት ወደ ኮረብታው ሰፈር ወጣች። አቶ ኦቲስ ብራምሌት ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ፤ ጆሯቸው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ። ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚሁ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ የገዛ አባታቸውን የማቅለጫ ካፖርት አይተው የወንዙን ዘብ የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ታዲያ በኮሚኩም በፊልሙም ላይ «ፈጣሪ» ተብሎ የተጻፈው የአሳታሚው ስም ነው። ልጃቸው ቨርኔታ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። የአባቷ ስም እንዲጻፍ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ ለፊልም ኩባንያው ደብዳቤ ጽፋለች። መቶ ሠላሳ ሁለት ደብዳቤ። ቅጂዎቻቸው በክር ታስረው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል።

ቨርኔታ ሎሬታን መስኮት የሌለው ኩሽና ውስጥ አስቀምጣ ሻይ ቀዳችላት። «ኤልመር ደግ ሰው ነበር» አለች። «አባዬን በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቀው ነበር። ሞቱ አንጀቴን ነው የቆረጠኝ።»

«መጨረሻ ያነጋገራችሁት መቼ ነው?»

«ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ፊልሙ ሲሄድ። ከዚያ ወዲህ ድምፁንም አልሰማን።»

«ዓርብ ከሰዓት በኋላስ?»

«ከሥራ ስምንት ሰዓት ተኩል ገባሁ፤ አልወጣሁም።»

ቨርኔታ ጽዋውን አንሥታ «ወደ አባዬ ክፍል እንሂድ» አለችና ወጣች። ስትወጣ መብራቱን አጠፋችው። ሎሬታ የተነከሰ ብስኩት ይዛ ጨለማ ውስጥ ቀረች።

«እንዴ! ይቅርታ!» ቨርኔታ ተመልሳ አበራች። «አመል ሆኖብኝ ነው። አባዬ ከልጅነታችን ጀምሮ ነው ያስለመደን፤ ከክፍል ስትወጡ መብራት አጥፉ እያለ።»

«ምንም አይደል» አለች ሎሬታ፤ ብስኩቷንም ዋጠች።

አቶ ኦቲስ የሎሬታን እጅ ለቀቅ አላደረጉም። «ልጄ፣ ፖሊስ ነሽ አሉኝ። ኤልመርን ገደሉብኝ?»

«እሱን እያጣራሁ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቨርኔታ ቤት ነበረች?»

«እኔ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይቺን መሣሪያ ከጆሮዬ አውልቄ እተኛለሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ስነሣ አጠገቤ ነበረች።» ከዚያ ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «የኤልመር ነገር... ፊልሙን አይቶ ነበር። ምን እንዳለ ሰምተሽ ይሆን? ስሜ...»

«አባዬ!» አለች ቨርኔታ። «ተው በቃ። የፊልሙን ነገር ተወው። አሁን ጊዜው ነው?»

አቶ ኦቲስ እንደ ተቀጣ ልጅ የሎሬታን እጅ ለቀቁ። ሎሬታ ወደ ውጭ ስትወጣ በረንዳው ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ እጇ ኪሷ ውስጥ የሌለ ሲጋራ ይፈልጋል። ይህን ጉዳይ ባልያዝኩት ብላ ተመኘች።

ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት አራቱንም የሱቁ የጀርባ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሮክሳን ቅዳሜ ልትደረድራቸው የነበሩትን ወንበሮች ደረደረች። ትሬቨር የሌለ ጥፍሩን ይነክሳል። አቶ ኦቲስ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ፣ ቨርኔታ አጠገባቸው። የምድር ቤቱ በር ተዘግቷል።

«ቅዳሜ ዋሽቻችኋለሁ» አለች ሎሬታ። «ኤልመር ኪስ ውስጥ ካርድ ነበረ። ያዘጋጀው ንግግር ነው።»

ሮክሳንና ትሬቨር ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

«አንብቢልን!» አለች ሮክሳን፤ አክብሮቱም አንቱታውም ጠፍቶባት።

«አነባለሁ። ‹አንድ። ጥሩ ነው። ከጥሩም በላይ ነው። ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ፤ አትሳቁብኝ።›»

ሮክሳን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«‹ሁለት። ካፖርቱ የጠቆረው ከእሳቱ በኋላ ነው። ግራጫ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ትሬቨር፣ ታገሥ።›»

ትሬቨር «ከእሳቱ በኋላ...» አለ። «ወይኔ። ወይ ኤልመር። ልክ ነው እኮ። ልክ ነው!» እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል።

«‹ሦስት። ኦቲስ።› እዚህ ላይ ባዶ ነው። ኤልመር ወሬ የሚያልቅበት ሰው ነበር?»

«በጭራሽ» አለች ሮክሳን።

«ታዲያ እዚህ ስም ላይ ሲደርስ ለምን ቃል አጣ? ይሄን ያዙልኝና ከመጀመሪያው ልነሣ።» ሎሬታ እየተንጎራደደች ተናገረች። «ኤልመር ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ነው የወደቀው። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው መብራቱን አጥፍቶ ሄዷል። ለምን? ለመደበቅ አይደለም፤ ጨለማ ሬሳ አይደብቅም። ደግሞ ከማብሪያው በላይ አታጥፉ የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ፤ ማንም አይነካውም ተብያለሁ። ስለዚህ ያጠፋው ጭንቅላት አይደለም፣ እጅ ነው። ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እጁ የለመደውን የሠራ ሰው። ሮክሳን መብራቷን በቀይ ቀለም የምትጠብቅ ናት። ትሬቨር ቤቱ በቀን ስምንት መብራት ያበራል።»

«እኔ እኮ ሥርጭቴ የተቋረጠው...» አለ ትሬቨር።

«ዓሣ ልትበላ ሄደህ ነው። የአዳራሹን ሰዎች ጠይቄያለሁ። ሁለት ሳህን።»

«ለሦስት ሺህ ሰው ራበኝ ልበል?» አለ ትሬቨር አፍሮ። ሮክሳን በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ ከእሷ በቀር የሳቀ የለም።

«ሁለተኛ» አለች ሎሬታ። «እኔ ልዕለ ጀግና አላውቅም። ግን የሄድኩበት ቤት ሁሉ፣ ገና የሟቹን ስም ሳልጨርስ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ፊልሙን ጥሩ ነው አለ ወይ? መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ገባኝ፤ ይሄ ሁሉ ዓመት ጠብቃችሁ አለመጠየቅ አትችሉም። ሮክሳን ጠየቀች። ትሬቨር ጠየቀ። አቶ ኦቲስ ጠየቁ። አንድ ሰው ብቻ አልጠየቀም፤ ሌላ ሰው ሲጠይቅም አስቆመ። መቶ ሠላሳ ሁለት ደብዳቤ የጻፈ ሰው መልሱን ለመስማት ካልፈለገ፣ መልሱን ሰምቷል ማለት ነው። አሁንም ካርዱን ሳነብ ሁለቱ እኔን ሲያዩ፣ አንቺ አባትሽን ነበር የምታዪው፤ ቨርኔታ።»

ቨርኔታ የአባቷን ወንበር እጀታ ያዘች።

«ሦስተኛ፣ የኤልመር ስልክ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤታችሁ ደውሎ አራት ደቂቃ አውርቷል። አባትሽ በዚያ ሰዓት መስሚያቸውን አውልቀው ተኝተዋል። አንቺ ግን ከሐሙስ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም አልሽኝ። ደግሞ አመልሽ ነው፤ ከክፍል ስትወጪ መብራት ታጠፊያለሽ።»

የኦክስጅኑ መሣሪያ ብቻ እስስ ይላል።

«ቨርኔታ?» አሉ አቶ ኦቲስ።

«አባዬ፣ አትስማ። አውልቀው።» እጇን ወደ ጆሯቸው ዘረጋች። ሽማግሌው አንገታቸውን ሸሹ። ያኔ ተሰበረች።

«ደወለልኝ» አለች። «‹ስሙ የለም› አለኝ። ‹መብራት እስኪበራ ቁጭ ብዬ መጨረሻ ላይ ያለውን የስም ዝርዝር አነበብኩ፤ ሰው ሁሉ የአስተያየት መጠይቁን ሊሞላ ወጥቷል፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ፈጣሪ ብለው የአሳታሚውን ስም ነው የጻፉት። የፈረስ አሠልጣኙ ስም እንኳ አለ፣ የኦቲስ የለም› አለኝ። ለሰንደቁ እዚህ እንደሚመጣ ነግሮኝ ነበርና መጥቼ ለመንኩት። ‹ስምህ አለ በለው፤ ሐኪሙ የሰጠው አንድ ዓመት አይሞላም፤ ፊልሙ እስከሚወጣበት እስከ ኅዳር ላይደርስ ይችላል፤ ደስ ብሎት ይሙት› አልኩት። ‹ኦቲስ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲጠይቀኝ እንዴት አድርጌ እዋሻለሁ?› አለኝ። ሰንደቁን ይዞ እየወጣ ነበር። ‹ነገ ስብሰባ የለም!› ብዬ ሰንደቁን መነጨቅኩት። እሱ ያዘ። እኔ... ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። ወርጄ ጠራሁት፣ አልመለሰም። እኔ ከታሰርኩ አባዬን ማን ያነሣዋል፣ ማን ያስተኛዋል ብዬ ሄድኩ። መብራቱን ማጥፋቴን እንኳ አላስታውስም።»

ሮክሳን «አንቺ ልጅ፣ ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ...» አለች።

ትሬቨር ግን ግንባሩን ቋጥሮ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ። የምን የፈረስ አሠልጣኝ?»

«ትሬቨር፣ ተው አሁን!» አለች ሮክሳን።

«አልተውም! የፈረስ አሠልጣኝ ያለው አሮጌው ፊልም ላይ ነው። ያንን የስም ዝርዝር አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በቪዲዮ ስስቅበት የኖርኩት ነው። ለአንዲት ፈረስ ሁለት አሠልጣኝ! ኤልመር ያየው የአሮጌውን ዝርዝር ነው!»

ሎሬታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች።

«ዛሬ ጠዋት ለኩባንያው ደውዬ ጠይቄያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ለሙከራ የሚያሳዩት ፊልም ያላለቀ ነው። ሙዚቃው ከሌላ የተዋሰ ነው፣ ስሞቹም ገና አልተጻፉም። መጨረሻው ጨለማ ሆኖ እንዳይቀር ብለው የአሮጌውን ፊልም የስም ዝርዝር ቆርጠው ለጥፈውበታል። ማንም ቁጭ ብሎ ያነበዋል ብለው አላሰቡም። ከሦስት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበበው አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ አሮጌውን ፊልም እርም ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ነበር፤ አላወቀውም።»

«ታዲያ...» አለች ቨርኔታ። «ታዲያ በእውነተኛው ላይ?»

ሎሬታ መልሱን በመናገርና ባለመናገር መሐል ትንፋሽ ያህል አመነታች። ቨርኔታ ግን እያየቻት ነበር፤ መዋሸት አልሆነላትም።

«አለ። መጀመሪያ ላይ፣ ብቻውን። ባለፈው ወር ነው የወሰኑት። ከደብዳቤዎችሽ የተነሣ ነው ብለውኛል።»

ቨርኔታ ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን በአባቷ ጉልበት ላይ አደረገች። አቶ ኦቲስ እጃቸውን ፀጉሯ ውስጥ ከተው «ልጄ፣ ልጄ፣ ስም ምን ያደርግልኛል፣ ማን ጠየቀሽ» እያሉ ደጋገሙ። ሎሬታ ካቴናውን ያወጣችው ቆይታ ነው። ከክፍሉ ሲወጡ መብራቱን ያጠፋ ሰው አልነበረም።

ፊልሙ በኅዳር ወጣ። ቨርኔታ በነፍስ ግድያ ሳይሆን ሰው ሳያስቡ በመግደል ተፈርዶባት ሦስት ዓመት ከምናምን ይቀራታል። ሮክሳን አቶ ኦቲስን ቤቷ አስገብታቸዋለች። ትሬቨር የኤልመርን ካርድ ለሦስት ሺህ ተመልካቾቹ አንብቦ፣ «ተሳስቻለሁ» ብሎ፣ ለአንድ ወር ከቪዲዮ ጠፍቶ ነበር።

ሎሬታ በመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ አብራቸው ገባች። ሲጋራውን እንደተወች ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ግማሹ ሰው ግራጫ ካፖርት ለብሷል፤ ሁሉም እንደ ታመመ ልጅ ወላጅ ይቁነጠነጣል። ለኤልመር ተብሎ አንድ ወንበር ባዶ ቀርቷል፤ ሰንደቁ ተደርጎበታል። መብራት ጠፋ። ማያው ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ትሬቨር ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

«አቶ ኦቲስ፣ ወጣ! ይዩት!» አለች ሎሬታ።

ዞር ስትል ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጨፍነው ብቻ አይደለም፣ በሁለት መዳፋቸው ከድነውታል።

«ብቻውን ነው?» አሉ።

«ብቻውን ነው። ዓይንዎን ይግለጡ እንጂ፣ ሊያልፍ ነው!»

«አልገልጥም። እሷ ስትወጣ አብረን ነው የማየው።»

ሎሬታ ሐኪሙ የሰጣቸውን ጊዜ ታውቃለች።

«ሃምሳ ዓመት ጠብቄ የለ» አሉ፤ የልቧን የሰሙ ይመስል። «ሦስት ዓመት ምን አላት።»

ጭብጨባው ቀስ በቀስ በረደ። ሰዉ ተቀመጠ። ከድልድዩ ሥር የወንዙ ድምፅ ተሰማ።

«አለፈ?»

«አለፈ» አለች ሎሬታ።

አቶ ኦቲስ እጃቸውን አውርደው ዓይናቸውን ገለጡ።